የአንድ ግቢ ክፍፍል በደሴ፦ ከፍርድ ቤት ውሳኔ እስከ ሁለት ካርታ

ይህ የጉዳይ ጥናት በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ከተቀመጡት ዳገታማ ሰፈሮች በአንዱ የሚገኝ የመኖሪያ ግቢ እንዲከፈል የቀረበ ጥያቄ እንዴት እንደተመረመረ፣ ለምን ሁለት ጊዜ እንደተመለሰና በመጨረሻ በምን ሁኔታ እንደጸደቀ ያስረዳል። በጉዳዩ ውስጥ የነበርኩት በቤተሰቡ የተቀጠርኩ ቀያሽ ሆኜ ስለሆነ የማቀርበው ከአመልካች ወገን ቆሜ ያየሁትን ነው። የቤተሰቡን ስም፣ ሰፈሩንና ጉዳዩን ያዩትን ጽሕፈት ቤቶች አልጠቅስም፤ ልኬቶቹን ግን እንዳሉ አስቀምጣለሁ፤ የዚህ ጉዳይ ክርክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የልኬት ክርክር ነበርና።

ማመልከቻው በተመለሰ ቁጥር ቤተሰቡ ነገሩን እንደ እንግልት ቆጥሮታል። እኔም በመጀመሪያው ጊዜ ከእነሱ ጋር ሆኜ አማርሬያለሁ። ዛሬ ፋይሉን እንደገና ስመለከተው ግን ጥፋቱ የተሠራው ማመልከቻው መሬት ጽሕፈት ቤት ከመግባቱ በፊት እንደነበር አያለሁ። ድርሻው የተወሰነው ቦታው ሳይታይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ያንን ለማቃናት የተከፈለ ጊዜና ገንዘብ ነው።

ግቢውና ባለይዞታዎቹ

ይዞታው ነባር ይዞታ ነው፤ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ መኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር ድረስ መያዝን ፈቅዶ ነበር፤ በአባትየው ደብተር ላይም የተጻፈው ይኸው 500 የሚለው ቁጥር ነው። ደብተሩ ውስጥ በእጅ የተሠራ ንድፍ አለ፤ ንድፉ 20 በ25 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ያሳያል። ዳገቱን፣ ካቡንና የውሃውን መውረጃ አያሳይም።

በምሥራቅ በኩል፣ ማለትም በታችኛው ጠርዝ፣ ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ አለ። ግቢው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ተራራው ይወጣል። ከመሐሉ ትንሽ አለፍ ብሎ አባትየው በዘመናቸው ያስገነቡት የድንጋይ ደጋፊ ግንብ ግቢውን በሁለት እርከን ይከፍለዋል። በታችኛው እርከን ላይ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ዋና ቤት አለ፤ እናትየው የሚኖሩት በዚህ ነው። በላይኛው ላይ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ቤትና መጸዳጃ አለ፤ በዚያ ደግሞ ታላቁ ወንድም ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል።

አባት ሲሞቱ የቀሩት ሚስታቸውና አራት ልጆች ናቸው። ከልጆቹ ሁለቱ በከተማው ውስጥ የራሳቸው ኑሮ አላቸው፤ አንደኛዋ እህት ጅዳ ነች። ለብዙ ዓመት ማንም ስለ ክፍፍል አላነሣም። ጉዳዩ የተነሣው በ2011 ዓ.ም. ታላቁ ወንድም ሰርቪስ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ ነው። ካርታው በሟች ስም ስለሆነ ፈቃድ ሊሰጠው እንደማይችል ተነገረው፤ የስም ማዞሩ ጉዳይ ሲጀመር ደግሞ የሁሉም ድርሻ አብሮ ተነሣ።

ፍርድ ቤቱ የወሰነው

በሕጉ ረገድ ውሳኔው የሚነቀፍ አልነበረም። የወራሽነት ማረጋገጫ ወጣ፤ ቤቱና ይዞታው በጋብቻ ጊዜ የተፈራ የጋራ ሀብት ስለሆነ ግማሹ የእናትየው፣ ቀሪው ግማሽ ለአራቱ ልጆች እኩል እንዲሆን ተፈረደ። ተከራካሪዎቹ በድርሻው ላይ አልተጣሉም። ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ በመጣው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፦ በደብተሩ ላይ ባለው 500 ካሬ ሜትር መሠረት እናት 250፣ እያንዳንዱ ልጅ 62.5 ካሬ ሜትር በዓይነት እንዲካፈሉ ይላል።

በእንዲህ ዓይነት መዝገቦች ፍርድ ቤቶች ከውሳኔ በፊት ለከተማው ደብዳቤ ጽፈው ቦታው ለመከፈል የሚመች መሆን አለመሆኑ በባለሙያ እንዲጣራ ሲያዙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የማይመች ከሆነ አንዱ ለሌላው ግምቱን ይከፍላል፤ ካልተስማሙም በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ። በዚህኛው መዝገብ ግን የተካደ ነገር ስላልነበረ ማጣራት አልተጠየቀም። ሰላማዊ የሆነ ቤተሰብ በመሆናቸው የተጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ ቢጨቃጨቁ ኖሮ ባለሙያ ይላክላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ማመልከቻ

ፍርዱን ይዘን አምስት ቁራሽ መሬት የሚያሳይ ንድፍ አዘጋጀሁ። ከማመልከቻው ጋር ዋናው ደብተር፣ የፍርዱ ግልባጭ፣ የወራሽነት ማረጋገጫው፣ የጅዳዋ እህት ውክልናና የዘመኑ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ ተያይዘው ገቡ። ውክልናው ብቻውን ወራት ወስዷል፤ ባለችበት አገር ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ካረጋገጠው በኋላ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደገና መረጋገጥ ነበረበት።

የይዞታ አስተዳደር ባለሙያዋ በመጀመሪያ የመረመረችው ዕዳና እገዳ መኖሩን ነው። በባንክ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ ይዞታ ሊከፈል አይችልም፤ ይህኛው ንጹሕ ነበር። ቀጥሎ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ በምን ቀጠና እንደሚገኝ ታየ። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ማንኛውም ልማት ከጸደቀው ፕላን ጋር እንዲጣጣም ስለሚያስገድድ፣ ለመኖሪያ ያልተመደበ ወይም መንገድ የሚያልፍበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። መኖሪያ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የልኬት ባለሙያ ተልኮ ቦታው ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ሲለካ 432 ካሬ ሜትር ወጣ።

ማመልከቻው የተመለሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፍርዱ የሚያከፋፍለው 500 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የለም። ሁለተኛ፣ አራቱ የልጆች ቁራሾች ለቀጠናው ከተቀመጠው ዝቅተኛ የቦታ ስፋት ያንሳሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ በየትኛውም ጎናቸው መንገድ አይነኩም። 432ን ወስደን ብንሠራው የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ 54 ካሬ ይሆናል፤ ይህም ከቀድሞው 62.5 የባሰ ነው።

68 ካሬ ሜትር የት ሄደ?

እናትየው ይህን ሲሰሙ መሬት ተወሰደብን አሉ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ቤቱ ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሳይፈታ ወደፊት መሄድ ስለማይቻል የአባትየውን ንድፍ ይዤ ግቢውን በእያንዳንዱ ጎን እንደገና ለካሁት፤ ልዩነቱ ከሦስት ቦታ የመጣ ሆኖ አገኘሁት።

ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ የመንገዱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ወደ ግቢው ገብቷል፤ በ20 ሜትር ርዝመት 10 ካሬ ሜትር ነው። በደቡብ ጎን ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ የሚያሳልፍ በድንጋይ የተሠራ ቦይ አለ፤ ቦዩ የተሠራው የሰፈሩ ነዋሪ ተስማምቶ፣ አባትየውም ወደው 2 ሜትር ስፋት ለቀው ነው፤ ይህ 49 ካሬ ሜትር ወስዷል። የቀረው 9 ካሬ ሜትር ግን መጀመሪያም ያልነበረ መሬት ነው። በዚያን ጊዜ የለካው ሰው ሜትሩን መሬት ለመሬት፣ ዳገቱን ተከትሎ ነው የጎተተው። ግቢው ከታች እስከ ላይ ወደ 5 ሜትር ስለሚነሣ ዳገቱን ተከትሎ ሲለካ 24.5 ሜትር የሚሆነው በአግድም ሲለካ 24 ሜትር ብቻ ነው፤ በካርታ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ሁልጊዜ የአግድሙ ልኬት ነው። 10፣ 49 እና 9 ሲደመሩ 68 ይሆናሉ።

ይህንን በወረቀት ላይ ሥዬ ለእናትየው ሳስረዳቸው ስለ ቦዩ የተናገርኩትን ወዲያው አስታወሱ፤ ባለቤታቸው የለቀቁበትን ቀን ጭምር ነገሩኝ። ስለ ዳገቱ ግን ገመድ አምጥቼ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይዘው አንዱን እኔ ወጥሬ እስካሳያቸው ድረስ አላመኑኝም፤ ልክ ነበሩ፣ በቃል ብቻ ሊታመን የሚችል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ማመልከቻና ግንቡ

ልጆቹ አራት ቦታ መከፋፈሉን ትተው የጋራ ድርሻቸውን በአንድ ካርታ ለመያዝ ተስማሙ። ስለዚህ ሁለተኛው ንድፍ ሁለት ይዞታ ብቻ ነበረው፤ የፊተኛው ለእናት፣ የኋለኛው ለአራቱ ልጆች። የኋለኛው መንገድ እንዲያገኝ በሰሜን ጎን 3 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ አወጣሁለትና በእሱ ስፋት ውስጥ ቆጠርኩት። መለያ መስመሩን ከመንገዱ በ14.4 ሜትር ላይ ሳሰምረው የፊተኛው 15 በ14.4፣ ማለትም 216 ካሬ ሜትር ሆነ፤ የኋለኛውም ከነመተላለፊያው ልክ 216። በእኩልነቱ በጣም ተደስቼ ነበር።

የመስክ ምርመራው የተደረገው በሐምሌ ነው። ደሴ በልግም ክረምትም የሚጥልባት፣ ዳገቶቿም በመሬት መንሸራተት የሚታወቁ ከተማ በመሆኗ ዳገታማ ቦታን በክረምት ማየት በበጋ ከማየት የተለየ ነው። የፕላን ባለሙያው ሲመጣ ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። ንድፌን ከመዘርጋቱ በፊት ወደ ደጋፊው ግንብ ሄደና መዳፉን በድንጋዮቹ መሐል አሳረፈ። እጁን ሲያነሣ እርጥብ ነበር፤ አሸተተውና ለእኔም አቀረበልኝ። የዝናብ ውሃ ብቻ አልነበረም። የላይኛው እርከን መጸዳጃ ጉድጓድ ከግንቡ ጀርባ ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት ላይ ተቆፍሯል፤ ፍሳሹ በግንቡ ውስጥ እየሰረገ የእናትየው ቤት ጓሮ ድረስ ይወርዳል።

ከዚያ ወደ ላይኛው እርከን ወጣንና ያሰመርኩት መስመር የሚያልፍበትን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ግንቡ ከመንገዱ በ13.5 ሜትር ላይ ነው፤ የእኔ መስመር ደግሞ በ14.4 ላይ። በመሐሉ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከላይኛው እርከን ላይ የሚገኝ ሆኖ የእናትየው የሚባል ቁራጭ መሬት አለ። አጥር ቢታጠርበት እናትየው መሰላል ካላቆሙ አይደርሱበትም፤ ግንቡ ቢያብጥና ቢደረመስ ደግሞ የላይኛውን መሬት ደግፎ የቆመው ግንብ ጥገና በሙሉ የታችኛዋ ባለይዞታ ዕዳ ይሆናል። አንድ ግቢ ሳለ ግንቡ የማን ነው የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ሲከፈል ግን ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው። በወረቀት ላይ እኩል ያደረግኩትን መሬት ላይ ለአንዷ ሸክም አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ሃያ ደቂቃ በፈጀ ጉብኝት ያየው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ግቢውን ሁለት ጊዜ ለክቼው አላየሁትም ነበር።

የመመለሻ ደብዳቤው ሦስት ነገር ጠየቀ፦ መስመሩ በግንቡ ላይ እንዲያልፍና ግንቡ የጋራ ወሰን ሆኖ ጥገናው የሁለቱም እንዲሆን፤ መጸዳጃ ጉድጓዱ ተደፍኖ ከግንቡ በራቀና የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ቱቦ ከመንገድ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ላይ አዲስ ሴፕቲክ ታንክ እንዲሠራ፤ በመተላለፊያው ላይ ያለው ግንባታ እንዲነሣ።

13.5 ካሬ ሜትር

መስመሩ ወደ ግንቡ ሲጠጋ ሒሳቡ ተናጋ። የፊተኛው 15 በ13.5 ሆኖ 202.5 ካሬ ሜትር ሲሆን የኋለኛው ከነመተላለፊያው 229.5 ይሆናል። እናትየው ከድርሻቸው 13.5 ካሬ ሜትር ያጣሉ። ለልጆቼ ነው፣ ይውሰዱት ብለው ነገሩን ሊጨርሱት ፈለጉ። በደግነት ረገድ አልቋል፤ በሕግ ረገድ ግን ከዚህ በኋላ ነው የጀመረው።

የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በአንቀጽ 6 ላይ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚቆይ የሊዝ ውል፣ እንዲይዝ ይደነግጋል። ልጆቹ ከአባታቸው የሚያገኙት ውርስ ነው፤ ከእናታቸው በሕይወት እያሉ የሚቀበሉት 13.5 ካሬ ሜትር ግን ስጦታ ነው። የይዞታ አስተዳደር ባለሙያዋ ይህንን አንሥታ፣ ስጦታ ሆኖ ከቀረበ የኋለኛው ይዞታ በሊዝ ሊታይ የሚችልበት በር እንደሚከፈት አስጠነቀቀችን። ለአሥራ ሦስት ካሬ ሜትር ተብሎ ይዞታውን በሙሉ ወደዚህ ክርክር ማስገባት አይገባም ነበር።

መፍትሔው የተገኘው መተላለፊያውን ከኋለኛው ይዞታ በማውጣት ነው። 3 በ13.5 ሜትር የሆነው መተላለፊያ 40.5 ካሬ ሜትር ነው። ይህ የሁለቱም የጋራ ሆኖ ከሦስት እጅ አንዱ፣ ማለትም 13.5፣ የእናትየው፣ ሁለት እጁ፣ ማለትም 27፣ የልጆቹ እንዲሆን ተደረገ። የእናትየው 202.5 ሲደመር 13.5 እኩል 216 ነው፤ የልጆቹ 189 ሲደመር 27 እንዲሁ 216። ማንም ለማንም ምንም አላስተላለፈም፤ ያለው ድርሻ ብቻ ተለየ። እናትየውም ወደ ጓሯቸው የሚያስገባ የጎን በር አገኙበት።

ይህ ስምምነት ቀድሞ ከተሰጠው ፍርድ ጋር ስለማይገጥም እንዲሁ ለጽሕፈት ቤቱ ሊቀርብ አይችልም ነበር። ቤተሰቡ ወደ ፍርድ ቤቱ ተመልሶ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዕርቅ በሚፈቅደው መንገድ፣ በአፈጻጸም መዝገቡ ላይ የዕርቅ ስምምነቱን ከነንድፉ አስመዘገበ። በዚህ ጊዜ ለፍርድ ቤቱ የቀረበው ንድፍ በፕላን ባለሙያው አስቀድሞ ታይቶ ይሁን የተባለ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ እንዲህ ብናደርግ ኖሮ የሚቆጠበውን ጊዜ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማድ ቤቱ

ከሁሉም የከበደው በንድፉ ላይ በአንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን የታየው ነው። በሰሜን ጎን፣ መተላለፊያው በሚያልፍበት ላይ፣ የእናትየው ማድ ቤት ነበረ። ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ምድጃው የተዋቀረው ልጆቹ ሳይወለዱ በፊት የሆነ ማድ ቤት ነው። በካሣ ግምት ቢሰላ ከምንም የማይቆጠር ነው፤ እሳቸው ግን ግቢው ለሁለት ይከፈል ሲባል ያላሉትን፣ ማድ ቤቱ ይፍረስ ሲባል አይሆንም አሉ። ልጆቹ ሊያግባቡአቸው ቢሞክሩም አልሆነም። በመጨረሻ የተስማሙት ታላቁ ወንድም በደቡብ ጎን አዲስ ማድ ቤት አስቀድሞ እንዲሠራ፣ የድሮውን የምድጃ ድንጋዮችም ወደዚያው እንዲያዛውር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ቅደም ተከተል በጽሑፍ ተቀብሎ ማፍረሻውን እስከ አዲሱ መጠናቀቅ አዘገየው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በመመሪያ የተጻፈ አይደለም፤ ባያሳዩት ኖሮ ግን ጉዳዩ እዚያው ይቀር እንደነበር አልጠራጠርም።

መጽደቁና ከዚያ ወዲህ

ሦስተኛው ማመልከቻ ያለ ችግር አለፈ። አዋሳኞች ወሰኑን አይተው በቃለ ጉባኤ ፈረሙ፤ ጉድጓዱ መደፈኑና ግንቡ ላይ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች መውጣታቸው በመስክ ተረጋገጠ፤ የወሰን ድንጋዮች ተተክለው የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት ተመዘገበ። የአባትየው ደብተር መከነና ሁለት የይዞታ ማረጋገጫ ወጣ። በሁለቱም ላይ ግንቡ የጋራ ወሰን መሆኑ፣ መተላለፊያው በጋራ የተያዘ መሆኑና በር ተሠርቶ ሊዘጋበት፣ ግንባታም ሊቆምበት እንደማይችል ሰፍሯል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጁ፣ ቁጥር 818/2006፣ መብትን ብቻ ሳይሆን ክልከላንና ኃላፊነትንም እንዲመዘገቡ የሚያደርገው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ወንድማማቾች በቃል የተስማሙበት መተላለፊያ በልጅ ልጆቻቸው ዘመን የፍርድ ቤት መዝገብ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይታያልና።

የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በየካርታው ለመለየት አላስቸገረም።

የኋለኛው ካርታ አራት ስም ይዟል፤ ከዚህ በኋላ በመሬት ሊከፈል የሚችል አይደለም። ታላቁ ወንድም አሁን የጅዳዋን እህቱን ድርሻ ገዝቶ ቤቱን ለመሥራት አስቧል፤ እሷም ፈቅዳለች። በአንድ ካርታ ላይ አብሮ የሰፈረ ወንድም በሊዝ አዋጁ አነጋገር ሦስተኛ ወገን ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ግን የሚያከራክር ጥያቄ ነው። ዋጋውን ተስማምተዋል፤ ውሉን ግን ገና አልጻፉትም። ባለፈው ሳምንት ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ አብረን ሄደን ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብተናል።